አዝማቹ ቀረ፤ ግጥሙስ?

የእንግሊዞቹ ሚዩዚክ ሆል የሚጠጣበት፣ የሚዘፈንበትና የሚሳቅበት አዳራሽ ነበር። ከመጠጥ ቤት ጓሮ ተነስቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የራሱን ሕንፃ አቆመ፤ በ1859 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የምሥራቅ ለንደኑ ዊልተንስ ዛሬም በጠመዝማዛ ዓምዶቹ ላይ ሰገነቱን ተሸክሞ አለ። በኋላ ሲኒማና ሬዲዮ መጥተው ገበያውን ወሰዱበት። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ የዘፈኖቹ ነገር ነው።

ዛሬ እነዚህን ዘፈኖች እናድሳለን የሚሉ ብዙዎች ሥራቸውን ከባርኔጣው ይጀምራሉ። ቢቢሲም እጁ አለበት። ከ1953 እስከ 1983 ከሊድስ ሲቲ ቫራይቲስ አዳራሽ ባስተላለፈው «ዘ ጉድ ኦልድ ዴይስ» በተባለ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ተመልካቹ ራሱ የአያቶቹን ዘመን ልብስ ለብሶ ይታደም ነበር። ውለታው አይካድም፤ ግን ሚዩዚክ ሆል ሲባል ሪዝ፣ ላባና አዝማች ብቻ የሚታያቸው ሰዎችም ከዚያው ተፈለፈሉ።

በ1919 የወጣውን የሚዩዚክ ሆል ዘፋኟን የማሪ ሎይድን «ዶንት ዲሊ ዳሊ» እንውሰድ። አዝማቹን እንግሊዞቹ ብርጭቆ እያነሱ ይዘፍኑታል፦ ባል ከዕቃው ጋር ቀድሞ ሄዷል፤ ሚስት ወፏን ይዛ ስትከተል መንገድ ላይ ቆይታ መግቢያው ጠፍቷታል። ደስ ይላል፣ ያስቃል። አሁን ከአዝማቹ በፊት ያለውን ግጥም ስሙት። ቤተሰቡ ቤቱን የሚለቀው ኪራይ መክፈል አቅቶት ነው። የዕቃ መጫኛው የመጣው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ተከራይቶ የኖረ ሰው አይጠይቅም። ዕቃው ተጭኖ ተጭኖ ለሴትዮዋ የሚሆን ቦታ ታጣ። በእግሯ የሄደችው ለዚህ ነው! ግጥሙን ቆርጣችሁ ስትጥሉት በእጃችሁ የምትቀረው መንገድ የጠፋባት አንዲት ሞቅ ያላት ሴት ብቻ ናት።

አንድ ምሽት ይህን በሚገባ የተረዳች ዘፋኝ አይቻለሁ። ፒያኖው ገና ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ አዝማቹ ዘሎ ሊገባ ሲል መዳፏን አንስታ «ቆዩ፣ ገና ነው» አለች። ግጥሙን እንደ ጎረቤት ወሬ ተረጋግታ ነገረችን። አዝማቹ ሲመጣ ያው ሳቅ ነበረ፤ ግን ኪራይ ያለበት ሰው ሳቅ ነበር።

የማሪ ሎይድ ሌላው ጉዳይ ብልግናዋ ነው። በ1912 በንጉሡ ፊት በቀረበው ትልቅ ትርኢት ላይ ሳትጋበዝ ቀርታለች። ነውር ፍለጋ ወደ ዘፈኖቿ ወረቀት የሄደ ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቃሉ ሰም ነበር፤ ወርቁን የምታወጣው በጥቅሻዋና ቆም በማለቷ ነው። የዛሬዎቹ በየቃሉ ይጣቀሳሉ። ሰሙን እንኳ ሳያስጨብጡን ወርቁን ያሸክሙናል።

ለሚያድሱት የምለው፣ በዘመኑ የታተሙት የዜማ ወረቀቶች ግጥሙን ይዘዋልና መጀመሪያ እነሱን አንብቡ፤ ባርኔጣው ይደርሳል። ለታዳሚውም አንድ ነገር አለኝ፦ አዝማቹ ሲመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ትኬት የቆረጣችሁት ልትዘፍኑም ጭምር ነው።