ለቆላ ጠላ የሚሆነውን ጌሾ ስለ መምረጥ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የምትኖሩ ገበሬዎችና ባለሙያ እናቶች፣ ማሽላው ከራሳችሁ እርሻ ነው፤ ብቅሉንም በቤታችሁ ታበቅላላችሁ። ጌሾው ግን ከደጋና ከወይና ደጋ ተጭኖ በጭልጋ በኩል ቁልቁል ይመጣላችኋል። ለጠላ ከሚያስፈልገው ሁሉ ዘወትር በገንዘብ የሚገዛው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በሚገዛበት ጊዜ ከሁሉ ያነሰ የሚመረመረውም እርሱ ነው። ማሽላ ስትገዙ ፍሬውን አንሥታችሁ በጥርሳችሁ ትሰብራላችሁ፤ ሰሊጥ ስትሸጡ ነጋዴው በመዳፉ እያሸ ያየዋል። ጌሾ ግን ተሰፍሮ ዝም ብሎ ወደ ከረጢት ይገባል።

በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ሳሉጎች ወደ ቆላው በብዛት ሲወርዱ ጠላ እየጠመቁ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙ እናቶች አሉ። አንድ ጋን ጠላ ቢኮመጥጥባቸው የሚጠፋው ጠላው ብቻ አይደለም፤ ማሽላው፣ ማገዶው፣ ከሩቅ የተቀዳው ውሃና የሳምንት ድካም አብሮ ይደፋል። እንዲህ ሲሆን «ሙቀቱ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ሙቀቱ አለበት። ነገር ግን በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሙቀት፣ የአንዲቱ ጠላ ሰንብቶ የሌላይቱ በሁለተኛው ቀን የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከጌሾው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጌሾ ጠባይ፣ ስለ አገዛዙና ስለ አቀማመጡ እንነግራችኋለን።

ጌሾ በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቍጥቋጦ ነው። ከኤርትራ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በብዙ አገር ይበቅላል፤ ሆኖም በጓሮው ተክሎ የመጠጥ መራራ ያደረገው በተለይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው ነው። መራራነቱ ከየት እንደሚመጣ ሊቃውንት መርምረውታል፤ ይኸውም ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ የተባሉ የኬሚስትሪ ሰዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ ውስጥ መራራውን ነገር ለይተው ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል። ጌሾ ከማምረሩም ሌላ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ጥቃቅን ሕዋሳት እንዳይበዙ ይገታል። እርሾው በዕቃው፣ በብቅሉና በጌሾው በራሱ ላይ ሆኖ ስለሚመጣ፣ የጌሾው ንጽሕና ለጥንስሱም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባናል። የፋብሪካ ቢራ መራራነት ከጌሾ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እንዲያውም የቢራውንም መራራ ጌሾ ብሎ መጥራት ተለምዷል። ነገር ግን በአዲስ አበባ በ1922 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ በጎንደር በ2000 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዳሽን ቢራቸውን የሚያመርሩት ሆፕ በሚባል ሐረግ አበባ ነው። ሆፕና ጌሾ ስም ተዋሱ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ሆፕ ለማበብ ረጅም የበጋ ቀን ስለሚፈልግ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይለማል፤ መራራነቱም የሚወጣው ከብቅሉ ውሃ ጋር ሲፈላ ነው። ጌሾ ግን እሳት ሳያገኘው በውሃ ተዘፍዝፎ ብቻ መራራነቱን ይሰጣል። ማገዶ ለተወደደበት ቆላ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከሆፕ ጠማቂዎች ግን አንድ ነገር ብንማር አይጎዳንም። ለምሳሌ ካስኬድ የተባለው የሆፕ ዓይነት በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበሬዎች ከተለቀቀ ወዲህ፣ ጠማቂዎች ሌላ ሆፕ ሳይደባልቁ እርሱን ብቻ አግብተው ቢራ ጠምቀዋል። እንዲህ ሲያደርጉ የዚያ ሆፕ ሽታና ጣዕም ለብቻው ይታወቃል። እኛ ግን ያምናውን ጌሾ ከዘንድሮው፣ የአንዱን ነጋዴ ከሌላው ቀላቅለን ስለምንጠምቅ፣ ጠላው ሲያምርም ሲበላሽም ምክንያቱን አናውቅም። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ለጠላ የሚሆነው በተለይ ቅጠሉ ነው፤ እንጨቱ ተከትክቶ ለጠጅ ይውላል። ጥሩ የጌሾ ቅጠል ላይኛው ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ በደቃቁ እንደ መጋዝ የተጣረሰ፣ ጅማቶቹም ጎልተው የሚታዩ ነው። ሲደርቅ አረንጓዴነቱ ቢደበዝዝም ጨርሶ አይጠፋም። ጠቁሮ ወይም እንደ ትንባሆ ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ወይ ዝናብ መትቶታል፣ ወይ ሳይደርቅ ታጭቋል፣ ወይም አርጅቷል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይታችሁ አትመኑ፤ እጃችሁን እስከ ታች ሰዳችሁ አውጡ። ከታች ያለው ከሞቀ፣ ከተጣበቀ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ሻግቷልና አትግዙት።

በገንዳ ውሃ ገበያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጠማቂ እናት እንዴት እንደሚገዙ አይቻለሁ። ከእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ቅጠል ብቻ እየወሰዱ በፊት ጥርሳቸው ያኝኩና ይተፉታል። እኔ መልኩን አይቼ መልካም ያልኩትን ጌሾ ቀምሰው «ልጄ፣ ይኸ እኮ ሞቷል፤ ምላሴን አልያዘውም» አሉኝ። እኔም ባኝከው የድርቆሽ ጣዕም ነበረው። በኮሌጅ የቅጠሉን ቅርጽ በሥዕል ተምሬ ነበር፤ ማኘክ ግን አልተማርኩም። ደኅና ጌሾ ወዲያው ያመርራል፤ መራራነቱም ከተተፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በምላስ ላይ ይቆያል።

የተወቀጠ ጌሾ ባትገዙ ይሻላል። ድካም እንደሚቀንስ አይካድም፤ ነገር ግን አንዴ ዱቄት ከሆነ በኋላ የሌላ ዛፍ ቅጠል፣ አፈርም ሆነ ያረጀ ጌሾ ቢገባበት በዓይን አይለይም። በዚያ ላይ የተወቀጠው በቶሎ እርጥበት ይጠጣል። ቅጠሉን ገዝታችሁ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ በመጥመቂያው ቀን ውቀጡ።

አቀማመጡ ደግሞ ከአገዛዙ አያንስም። መንገድ በሚቋረጥበት ጊዜ ጌሾ እንደሚወደድ ስለምታውቁ በደኅናው ቀን ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ሆኖም ብዙ ሰው በማዳበሪያ ጆንያ አጭቆ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሰቅለዋል። የውስጡ ላስቲክ ያልወጣለት ጆንያ አየር አያስገባም፤ ቆርቆሮው በቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የማዳበሪያውም ርዝራዥ ወደሚጠጣ ነገር መግባት የለበትም። ጌሾን በጥላ ሥር፣ በሰሌን ላይ በስሱ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ብርቱ ፀሐይ አያግኘው። ከዚያ በንጹሕ የጨርቅ ወይም የቃጫ ከረጢት አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳው አርቃችሁ አስቀምጡት። በክረምት ዝናብ በሚያባራበት ቀን አውጥታችሁ አናፍሱት። በከረጢቱም ላይ የተገዛበትን ወር በከሰል ጻፉበት።

ስለ ማሽላውም ጥቂት እንበል፤ ጌሾ የእህሉን ጕድለት አይሸፍንምና። የማሽላ ብቅል ከገብስ ብቅል ይልቅ ዱቄቱን ወደ ስኳር የመለወጥ ኀይሉ ያነሰ ነው፤ የማሽላ ዱቄትም እንዲፈታ ከገብስ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ቂጣውን ወይም እንኩሮውን በደንብ ማብሰል ለመልኩና ለሽታው ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ያልበሰለው ዱቄት ሳይቦካ አተላ ሆኖ ይቀራል። ዘንጋዳውና ቀዩ ማሽላ በልባሱ ውስጥ ያለው አፍ የሚያኮማትር ነገር የብቅሉን ኀይል ስለሚያዳክም፣ ለቂጣው ነጩን መምረጥ ይሻላል። ከብት ለጋ ማሽላ በልቶ እንደሚመረዝ ታውቃላችሁ። ያው መርዝ በበቀለው ማሽላ ቡቃያም ውስጥ አለ፤ ስለሆነም ብቅሉ ከደረቀ በኋላ ቡቃያውንና ሥሩን አሽታችሁ አበጥሩ። በጉድጓድ የሻገተ ማሽላ ግን «ለጠላ ይሆናል» ተብሎ ጨርሶ አይጠመቅ፤ የሻጋታው መርዝ ብስለቱም መፍላቱም አያጠፋውም።

አሁን ስለ ሙቀቱ። በመተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በደጋ ብዙ ቀን የሚፈጀው መፍላት በጥቂት ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ አየር ካገኘ መጠጡን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ሕዋሳት ይነሣሉ። ጌሾ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ጋኑን በግራዋ አጥባችሁ በወይራ አጥኑት፤ በጥላ ስፍራ እስከ ወገቡ በመሬት ቅበሩት፤ በበጋ ወራትም ከላይ የራሰ ጆንያ አልብሱት። አፉን በደንብ ምረጉት። ከተከፈተ በኋላ ቶሎ የሚያልቅ መጠን ብቻ ጥመቁ፤ በቆላ ሁለት ትንንሽ ጋን ከአንድ ትልቅ በርሜል ይሻላል። ጠላው ሊኮመጥጥ ሲል ጌሾ የሚጨምሩበት አሉ። ይህ መራራና ኮምጣጣ ያደርገዋል እንጂ አይመልሰውም።

ከላይ ወዳነሣነው ወደ ሙከራው እንመለስ። ከሦስት ሻጮች፣ ወይም ከሦስት ወራት ግዢ፣ ጌሾ ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ብቅል፣ አንድ ቂጣና አንድ ውሃ በእኩል ሚዛን ለሦስት ትንንሽ እንስራዎች አካፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ የተለየውን ጌሾ በእኩል ልክ አግቡበት። በእንስራ ፈንታ ጀሪካን ብትጠቀሙ፣ በሚፈላበት ጊዜ ክዳኑን አታጥብቁት፤ አየሩ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ከተጣራ ጀምሮ በየቀኑ ቅመሱ፤ የትኛው አስቀድሞ እንደኮመጠጠ፣ የትኛው እንደሰነበተ በግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። ጎረቤታሞች ሦስት ሆናችሁ ብታደርጉት ወጪው አይከብድም። ከዚያ በኋላ ከማን እንደምትገዙ ታውቃላችሁ።

ጌሾ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላበትን መጠጥ መቅመስ የሚፈልግ ሰው ወደ ጎንደር ደጋ ወጥቶ ኮረፌን ይጠይቅ። ኮረፌ የቅማንት ሕዝብ መጠጥ ሆኖ የታወቀ ነው። የተፈተገው ገብስ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከውሃና ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቀመጣል። በሚፈለግበት ጊዜ ከድፍድፉ ጥቂት ተወስዶ በውሃ ይበጠበጥና ባደረ ማግስት ይጠጣል። ጌሾ ከእህሉ ጋር ይህን ያህል ዘመን አብሮ የሚኖርበት ሌላ መጠጥ አላውቅም፤ መራራነቱም ሻካራ ሳይሆን የተቆላ ገብስ ሽታ ያለው ለስላሳ ነው። ቀጥሎ የምወደው ውሃው የተቀነሰውን ፊልተር ጠላ ነው፤ ሆኖም ኀይለኛ ስለሆነ በቆላ ፀሐይ ሥራ ላይ ላለ ሰው አልመክረውም። በሙቀት የሚሠራ ሰው ጥማቱን በውሃ ይቁረጥ። ከነጭ ማሽላ የተጠመቀው የቆላ ጠላ ደግሞ በጣዕሙ ቀለል ያለ ስለሆነ፣ የጌሾው ደግነትም ሆነ ክፋት በእርሱ ላይ ፈጥኖ ይታወቃል።

«ታዲያ ጌሾውን እዚሁ ብንተክለውስ?» የሚሉኝ አሉ። ጌሾ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ከ1,000 ሜትር በታች ባለው በመተማ ከተማ ዙሪያ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝናብ በሌለበት፣ ውሃ እያጠጡ በጥላ ሥር አንድ ሁለት እግር ማቆየት ቢቻል እንኳ ለገበያ የሚሆን ቅጠል አይሰጥም፤ ውሃውን ለአትክልት ብታውሉት ይሻላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው በአይከል አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ግን በጓሯቸው እንዲተክሉላችሁ ንገሯቸው። ችግኙ የሚፈላው ከዘሩ ነው። ከታወቀ ጓሮ የሚመጣ፣ በጥላ የደረቀና ዕድሜው የታወቀ ጌሾ ካገኛችሁ፣ በለውጡ ማሽላ ወይም ሰሊጥ ልትሰጧቸው ትችላላችሁ።