ልጅዎ መርዝ ቢጠጣ አያስመልሱት

በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ፡፡ በመመረዝ ምክንያት ወደ እኛ የሚመጡት በአብዛኛው መራመድ ከጀመሩ እስከ አምስት ዓመት ያሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍ የሚከቱ ልጆች ናቸው፡፡ ወላጆችን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ምን ጠጣ? እናንተስ ምን አደረጋችሁለት? የሁለተኛው መልስ ብዙ ጊዜ «ወተት ሰጥተን አስመለስነው» የሚል ነው፡፡ ከፍቅርና ከድንጋጤ የመነጨ ቢሆንም፣ ጥቂት ሰዓታት ክትትል ይበቃው የነበረውን ልጅ በመተንፈሻ መሣሪያ እንዲረዳ ሊያደርገው ይችላል፡፡

ለምን ቢባል ነጭ ጋዝን እንውሰድ፡፡ ጋዝ ከሆድ ይልቅ የሚያሰጋው ለሳንባ ነው፡፡ ቀጭን ፈሳሽ በመሆኑ ልጁ ሲያስመልስ ጥቂቱ ሾልኮ ወደ ሳንባ ይገባና ያቆስለዋል፡፡ በዚህ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፡፡ ወተትም ሆድን ሞልቶ ማስመለስን ያባብስ እንደሆነ እንጂ ማርከሻ አይሆንም፡፡ በረኪናና የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካሎች ደግሞ ሲወርዱ ያቃጠሉትን ጉሮሮ ሲመለሱ ዳግም ያቃጥሉታል፡፡

እንደ ማላታይን ያሉ የተባይ ማጥፊያዎች የሚያጠቁት የነርቭን ሥራ ነው፡፡ የልጁ ምራቅ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል፡፡ በጊዜ ከደረሰ አትሮፒን የተባለው መድኃኒት ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል፡፡ መርዙ በቆዳም ስለሚገባ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል፡፡

ነፍሰ ጡር እናቶች የሚወስዱት የአይረን ክኒን ለልጅ ከረሜላ ይመስለዋል፡፡ ብዙ የዋጠ ልጅ ካስመለሰ በኋላ ለሰዓታት የተሻለው መስሎ ይቆይና የደም ዝውውሩና ጉበቱ ድንገት ሊታወክ ይችላል፡፡ ስለዚህ «አሁን ደህና ነው» ብሎ ቤት ማቆየት ተገቢ አይደለም፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ? አፉን ይጥረጉለት፤ እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት፤ የጠጣበትን ጠርሙስ ወይም የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፡፡ ሐኪሙ መርዙን ካወቀ ሕክምናውን ለመጀመር ጊዜ አያባክንም፡፡

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2004 በዓለም ላይ ከ45,000 በላይ ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና ወጣቶች በመመረዝ ሞተዋል፡፡ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 አደገኛ ኬሚካሎችና መድኃኒቶች ሕፃን በማይከፍተው ክዳን እንዲታሸጉ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፡፡ በእኛ ቤት ግን ጋዙም በረኪናውም ዛሬም በሃይላንድ ይቀመጣል፡፡ ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው ውኃን ነው፡፡ ዛሬ ማታ ከእቃ ማጠቢያው ሥርና ከአልጋው ሥር ያለውን ይመልከቱ፤ በውኃ ጠርሙስ ያለ ኬሚካል ካገኙ የልጅ እጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡት፡፡