ከፍሬት ወደ ፍሬት የሚሄድ ኮርድ

አርባ ምንጭ ውስጥም ሆነ በጋሞ ደጋ ከተሞች ብዙ ወጣት ጊታር የሚለምደው ቤተ ክርስቲያን፣ በመዘምራን ልምምድ ላይ ነው። ጂ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ማይነር ከተያዙ ብዙ መዝሙር ያጅባሉ። ጭንቁ የሚመጣው መሪዋ «ለድምፄ ዝቅ አለብኝ፣ ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ነው። ጀማሪው ያኔ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ይፈልጋል፤ ካፖ ከሌለ እጁን ይሰበስባል። እጁን መሰብሰብ ግን አያስፈልገውም። አንድ የጣት አያያዝና ጥቂት ቁጥር ካወቀ መሪዋ በፈለገችው ከፍታ ያጅባታል።

ኮርድ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ነው። የጋሞ ሰው ለዚህ ጆሮው ባዳ አይደለም። በሰሜኑ ዘፈን በአብዛኛው ሁሉም አንድ ዜማ ይከተላል፤ ጨንቻ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች ግን ሲዘፍኑ ድምፆቹ ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ከሌላው ጋር ይገናኛል፣ ይለያያል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አዘፋፈን ቀርጾ በሸክላ እንዲወጣ አድርጓል። የዶርዜ ዘፈን በጊታር ኮርድ ሕግ የተሠራ አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ ድምፅን በአንድ ጊዜ መለየት የለመደ ጆሮ ግን ኮርድ ለመማር ቀድሞ የተዘጋጀ ጆሮ ነው፤ ይህን ሀብት የአካባቢው ጊታር ተማሪዎች ቢጠቀሙበት እወዳለሁ።

አሁን ጊታሩን አንሡ። በአንድ ክር ላይ አንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት የተከፈለ ቦታ) ወደ ሆዱ ስትጠጉ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ 12 ፍሬት ስትሄዱ የተነሣችሁበት ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ከሲ ተነሥታችሁ 4 ፍሬት ቁጠሩ፤ ኢ ታገኛላችሁ። ከኢ 3 ቁጠሩ፤ ጂ ነው። ሲ፣ ኢ እና ጂ አብረው ሲመቱ ሲ ሜጀር ይሆናሉ። (በዶ ሬ ሚ የተማራችሁ፣ እዚህ ሲ የምለው ዶን ነው።) ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ መጀመሪያ 3 ቀጥሎ 4 ከሆነ ማይነር ነው። ከየትኛውም ድምፅ ብትነሡ ሕጉ ይኸው ነው፤ ሜጀር 4 እና 3፣ ማይነር 3 እና 4።

ይህን ኢ ሜጀር ላይ እንየው። ከቀጭኑ ክር ሲቆጠር 5ኛውና 4ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ፣ 3ኛው ክር 1ኛው ፍሬት ላይ ይያዛሉ፤ የቀሩት ክፍት ናቸው። ከስድስቱ ክሮች ሦስቱ ኢ፣ ሁለቱ ቢ ያሰማሉ። ሜጀርነቱን የሚሰጠውን ጂ ሻርፕ የያዘው 3ኛው ክር ብቻ ነው። ያቺን አንድ ጣት አንሡ፤ ኮርዱ ወዲያው ኢ ማይነር ይሆናል፤ ፊቱ የሚጠቁረው በአንድ ጣት ነው።

ቀጥሎ ይህንኑ ቅርጽ በሌሎቹ ሦስት ጣቶች ያዙና አመልካች ጣታችሁን ከኋላቸው ስድስቱም ክሮች ላይ አስተኙ። ባሬ የሚባለው ይህ ነው። አሁን ክፍት የቀረ ክር ስለሌለ መላው ቅርጽ ይንቀሳቀሳል። ስሙን የሚሰጠው አመልካች ጣት በወፍራሙ ክር ላይ ያረፈበት ነው፤ 1ኛው ፍሬት ኤፍ፣ 3ኛው ጂ፣ 5ኛው ኤ፣ 7ኛው ቢ፣ 8ኛው ሲ፣ 10ኛው ዲ። 3ኛውን ክር የያዘውን የመሃል ጣት ስታነሡ ሁሉም ማይነር ይሆናሉ።

ብዙ ሰው ኤፍ ላይ ይጀምርና ተስፋ ይቆርጣል። በጊታሩ ራስ አጠገብ ክሩ ለጣት ይጠነክራል፣ ፍሬቶቹም ይራራቃሉ። 5ኛው ፍሬት ላይ ጀምሩ። አመልካች ጣትን በሥጋማው ፊት ከማስተኛት ትንሽ አዙሮ በአጥንታማው ጎን ማስተኛት፣ ወደ ፍሬቱ ብረት ማስጠጋት፣ አውራ ጣትን ከአንገቱ ጀርባ መሃል ማድረግ ይረዳል። ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ ምቱ፤ የታፈነውን ፈልጋችሁ ጣቱን በጥቂቱ አስተካክሉ።

ይህ አያያዝ ከቅኝቶቻችን ጋር ሲገናኝ ነው ይበልጥ የሚጣፍጠው። ክራር ተጫዋች ቅኝት ሲቀይር ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ጊታሪስት ቦታ ይቀይራል። ከሲ የተነሣ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ነው። ከነዚህ አምስት ድምፆች በ4ና3 ሕግ የሚወጡት ሁለት ኮርዶች ብቻ ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። በአያያዛችን ሜጀሩ 8ኛው፣ ማይነሩ 5ኛው ፍሬት ላይ ነው፤ በመካከላቸው 3 ፍሬት። መሪዋ «ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ሁለቱንም በ2 ፍሬት ማሳደግ ነው፤ 10ኛውና 7ኛው። እነዚሁ ሁለት ኮርዶች ማረፊያቸው ኤ ላይ ሲሆን ደግሞ ባቲ ማይነርን ያጅባሉ፤ ድምፆቹ ያው፣ ቤቱ ሌላ።

አምባሰል ጠንከር ይላል። ከሲ የሚነሣው አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው። መነሻው ሲ ከላዩ 3ም ሆነ 4 ፍሬት ርቆ የሚገኝ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ በራሱ ቅኝት ውስጥ ሜጀርም ማይነርም መሆን አይችልም። ማረፊያው ላይ ሙሉ ኮርድ መምታት ቅኝቱ የሌለውን ድምፅ ማስገባት ይሆናል፤ እኔ በ8ኛው ፍሬት አያያዝ ሲንና ጂን ብቻ፣ በሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ መምታት እመርጣለሁ። ሙሉው ሜጀር አንድ ፍሬት ወጣ ብሎ ዲ ፍላት ላይ ይጠብቃል። አንቺሆዬን ለመሞከር የደፈረ ደግሞ ከሲ ሲነሣ ኤፍ ሜጀርን 1ኛው ፍሬት ላይ ይያዝ፤ ከዚያ አንድ ፍሬት ገፍቶ የመሃል ጣቱን ያንሣ፤ ኤፍ ሻርፕ ማይነርን ያገኛል።