«ሠራ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ቤት ሠራ፣ መንገድ ሠራ፣ ወጥ ሠራ፣ ግፍ ሠራ እንላለን። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። የእንግሊዝ አገር ሰዎች «ቢልድ» የሚሉት፣ ማለት አንድን ነገር ከመሬት አንሥቶ ማቆም፣ በአማርኛችን ስንት ስም እንዳለውና የስሞቹም ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ መመርመር የዛሬው ንግግራችን ነው። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻው እንደምናየው የሰውን ገንዘብና ቤት የሚነካ ጉዳይ አለበት።

በመጀመሪያ «ሠራ» የሚለውን እንመልከት። የዚህ ግሥ ሥር በግእዝ «ሠርዐ» ነው፤ ፍችውም ደነገገ፣ በተራ አቆመ፣ መደበ ማለት ነው። «ሥርዐት» የሚለው ስም ከዚሁ ወጣ። በአማርኛ አነጋገር «ዐ» ድምፁን ስላጣ፣ ሥራና ሥርዐት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። እንግዲህ ከሥሩ ብንነሣ፣ ሠሪ ማለት ዕቃ የሚከምር ሳይሆን እያንዳንዱን ነገር በተገቢው ስፍራ የሚያኖር ነው። «መሠረት» የሚለው ቃል ግን በድምፅ ቢመስለውም ዘመዱ አይደለም፤ እርሱ የመጣው «ሣረረ» ከሚለው ሌላ የግእዝ ግሥ ነው።

ሁለተኛው «አነጸ» ነው፤ ግእዙ «ሐነጸ»፣ ስሙም «ሕንጻ» ይባላል። ይህ ቃል ከድንጋይና ከእንጨት አልፎ ወደ ሰው ጠባይ ተሻግሯል። ልጅን በምግባር ማነጽ ስንል ልቡናውን እንደ ቤት ደረጃ በደረጃ ማቆም ማለታችን ነው። በላቲን ቋንቋም እንዲሁ ቤት መሥራትን የሚያመለክተው ግሥ ሰውን በመልካም ትምህርት ማነጽ የሚል ትርጓሜ አግኝቶ፣ እስከ እንግሊዝኛ ድረስ ወርዷል።

ሦስተኛው «ገነባ» ነው። ይህ ከ«ግንብ» የማይለይ ስለ ሆነ፣ በጥንቱ አነጋገር በድንጋይና በኖራ መሥራትን ብቻ ያመለክት ነበር። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቈረቈሩ ጊዜ ያሠሩት ቤተ መንግሥት «የፋሲል ግንብ» መባሉ ስለዚህ ነው። ድንጋይ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ ሲደረደር ግን ተካበ እንጂ ተገነባ አይባልም፤ ውጤቱም ካብ ነው። ሰውን ያለ መጠን ማሞገስ «መካብ» መባሉ እጅግ ያማረ ነው፤ ማያያዣ የሌለው ካብ ቶሎ ይናዳልና። እንደ ላሊበላ ከአንድ አለት የወጣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አይካብም፣ አይገነባም፤ ይወቀራል፣ ይፈለፈላል።

አሁን ወደ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ወደ አለው የገጠር ቤት እንሂድ። በዚያ ምሰሶ ይተከላል፤ ግድግዳ ይቆማል፤ ማገር ይማገራል፤ ጣራ ይዋቀራል፤ ሣር ይከደናል፤ ጭቃ ከጭድ ጋራ ተቦክቶ ይመረጋል። አናጢው ከነዚህ ግሦች አንዱን ሲናገር የትኛው ሥራ ላይ እንደ ደረሰ ሳያዩት ይታወቃል። የቆሎ ተማሪው ለራሱ የሚያቆማት ትንሽ ቤት ደግሞ ትቀለሳለች፤ መቀለስ ማለት ማጉበጥ ነውና፣ እንጨቱን አጉብጦ የሚሠራ ጎጆ ስሙን ከአሠራሩ አገኘ።

ከተማስ? ከተማ ይቈረቈራል። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ምንቆረርን ቈረቈሩ፤ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆኑ፤ ከተማይቱም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ዛፍ ይተከላል። መትከል ሥር ሰዶ መኖርን ያመለክታልና፣ የእንግሊዝኛውን ምንጭ ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። «ቢልድ» የወጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ መኖሪያ ቤት ከሚለው «ቦልድ» ነው፤ የዚህም ሥር መሆንን፣ ማደግንና መኖርን ያመለክት ነበር። በጀርመንኛ «ባወን» የሚለው ዘመዱ ቤት መሥራትንም እርሻ ማልማትንም ያስረዳል፤ ገበሬም «ባወር» ይባላል። ስለዚህ በሩቅ አገርም ቢሆን ቤት የሚሠራና ዘር የሚዘራ በአንድ ግሥ ተገናኝተዋል።

በአሁኑ ዘመን «ግንባታ» የሚለው ቃል ሁሉን ጠቅልሎ ይዟል። የመንገድ ግንባታ፣ የአቅም ግንባታ፣ የሰላም ግንባታ ይባላል። ቋንቋ ማደጉ ባይነቀፍም፣ አንድ ቃል የሁሉን ቦታ ሲወስድ የቀሩት ይረሳሉ። መንገድ ይቀየስ፣ ይጠረግ ነበር፤ በነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የቀያሹና የጠራጊው ሥራ ተለይቶ ይታይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ በውል ላይ ይገለጣል። ወረቀቱ «ቤት ይገነባል» ቢል፣ ቤት አሠሪው የድንጋይና የሲሚንቶ ቤት ሲጠብቅ፣ ሠራተኛው የእንጨትና የጭቃ ቤት ሊያቆምለት ይችላል፤ ዛሬ ቃሉ ለሁለቱም ይነገራልና። ያን ጊዜ ሁለቱም እውነት እንደ ያዙ ተካሰው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ ውል ስትጽፉ መሠረቱ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆፈር፣ ግድግዳው በምን እንደሚቆም፣ ጣራው በምን እንደሚከደን፣ ማን እንደሚመርግ በየግሡ ለይታችሁ አስፍሩ። አባቶች ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ስም ያወጡለት ቃል ስለ ተረፋቸው አይደለም፤ ነገር እንዳይደባለቅ ብለው ነው። ሥራ ከሥርዐት ጋራ አንድ ዘር ነውና፣ ሥራው እንዲቃና አስቀድሞ ቃሉ በሥርዐት ይቀመጥ።