መንገዱ ሰፍቶ ጉዞው ያልፈጠነበት ምክንያት

በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ በደብረ ታቦር ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርኩን መዘግየት ምክንያት እንድንፈልግለት ጠየቀን። መዛግብቱ የሚቀመጡበት ሰርቨር ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ግንኙነቱ በሳተላይት አንቴና ከሆነ ወዲህ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ከጉና ግርጌ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ባለጉዳይ መዝገቡ እስኪከፈት ሲጠብቅ ይውልና ሳይስተናገድ ይመለሳል። መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ መስመሩን ከ256 ወደ 512 ኪሎ ቢት በሰከንድ አሳድጓል። ለውጡ ግን ከምንም አይቆጠርም።

ሠራተኞቹ ጥፋቱን በጉና ደመና ላይ አሳበው ነበር። ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከባድ ዝናብ የሳተላይት ሞገድን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው። ሆኖም ሰማዩ በጠራበት ማለዳ፣ ሌላ ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ወደ ሰርቨሩ 100 የሙከራ መልእክቶች ላክን። መቶውም ተመለሱ። እንግዲህ በመንገድ የሚጠፋ መልእክት የለም፤ ደመናውም ነጻ ወጣ።

የመስመር መጨናነቅንም መጠርጠራችን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በአሜሪካ፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው የኔትወርክ ፍጥነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆልቁሎ ነበር፤ የሁለቱ ርቀት ከ400 ሜትር አይበልጥም። ቫን ጃኮብሰንና ማይክ ካረልስ መንስኤውን መርምረው፣ ላኪው መልእክት መጥፋቱን ሲያውቅ ፍጥነቱን የሚቀንስበትን ዘዴ አበጁ። በእኛ ዘንድ ግን የጠፋ ነገር አልነበረም። ትኩረታችንን የሳበው ሌላ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት ደርሶ ለመመለስ 0.6 ሰከንድ ያህል ፈጅቷል።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? አንድ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል እየዞረ በአንድ ቦታ ቆሞ እንዲታይ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት። (ይህን ቁጥር ከኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ማስላት ለተማሪ ጥሩ መልመጃ ነው።) ጥያቄው ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፣ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ መልሱም እንደገና ወጥቶ ይወርዳል። አራቱ ጉዞዎች ሲደመሩ 144,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም ለዚህ 0.48 ሰከንድ ያስፈልገዋል። የቀረው በየመሣሪያው የሚባክን ጊዜ ነው።

ግማሽ ሰከንድ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ታዲያ ደቂቃዎቹን ምን አመጣቸው? በበቅሎ ጭነት የሚልክ የጥንት ሲራራ ነጋዴን እናስብ። አሥራ ሁለት በቅሎ ጭኖ ይልካል፤ መድረሳቸው ካልተነገረው ግን ሌላ አይጭንም። መንገዱ አሥራ ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን ቢያስኬድ፣ ሃያ አራትም ቢያስኬድ ለእርሱ ለውጥ የለውም፤ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችም ልክ እንዲሁ ነበሩ። ሰርቨሩ የመድረሻ ማረጋገጫ ሳያገኝ እንዲልክላቸው የሚፈቅዱት 17,520 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህም እያንዳንዳቸው 1,460 ባይት የሚይዙ አሥራ ሁለት እሽጎች ነው። ይህን ለ0.6 ብናካፍል በሰከንድ 29,200 ባይት፣ ማለትም 234 ኪሎ ቢት ገደማ እናገኛለን። አሮጌው የ256 መስመር እንኳ አልሞላም ነበር! ስድስት ሚሊዮን ባይት የሆነ አንድ መዝገብ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩ የተወሰነው የሕንፃ ውስጥ ኔትወርክን ታሳቢ በማድረግ እንጂ ሰማይ ደርሶ የሚመለስን መልእክት በማሰብ አልነበረም።

ገደቡን ወደ 65,535 ባይት ከፍ አደረግነው። ያው መዝገብ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ገባ፤ በዚህ ጊዜ ወሳኙ የመስመሩ ስፋት ስለሆነ የተከፈለበት 512 ኪሎ ቢት ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። አንዳንዱ ፋይል ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ከመከፈቱ በፊት ኮምፒውተሩና ሰርቨሩ ተራ በተራ ብዙ አጫጭር ጥያቄና መልስ ይለዋወጣሉ። ልውውጡ 200 ጊዜ ቢሆን 120 ሰከንድ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። እዚህ ላይ ገደብ ማሳደግ አይረዳም። በየዕለቱ የሚፈለጉት መዛግብት ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሚገኝ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ፣ ከአዲስ አበባው ጋርም ሌሊት እንዲመሳከር ሐሳብ አቀረብን፤ እንደዚያም ተደረገ። በሕንፃው ውስጥ ጥያቄና መልሱ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ባለጉዳዮቹ ቆመው ሳሉ መዝገባቸው ይከፈት ጀመር።

ለንጽጽር ያህል፣ ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር የፋይበር መስመር ብንወስድ፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የደርሶ መልሱ ጉዞ ሰባት ሺኛ ሰከንድ ብቻ ይሆናል።