ውሃን በኤሌክትሪክ በመለየት ስለሚገኘው ሃይድሮጅንና ለእርሻ ስለሚሰጠው ጥቅም

ምድር በየዓመቱ እህል ስታበቅል ከጉልበቷ የምትከፍለው ብዙ ነው፤ ከምትከፍለውም ውስጥ ፈጥኖ የሚጎድልባት ናይትሮጅን የሚባለው ነው። ይህ ናይትሮጅን ሰው ከሚተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ይሆናል፤ ነገር ግን ጤፍም፣ ስንዴም፣ በቆሎም ከአየር በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። ሰው ይህን ሀብት ለአዝመራው ለማድረስ ቢፈልግ አስቀድሞ ናይትሮጅኑን ከሃይድሮጅን ጋራ አዋሕዶ አሞኒያ ማድረግ አለበት፤ ከአሞኒያውም ዩሪያና ሌላው ማዳበሪያ ይሠራል።

እንግዲህ ጥያቄው ሃይድሮጅኑ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው። ዛሬ በዓለም የሚበዛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። ጋዙን አውጥቶ የማይሠራበት አገር ማዳበሪያውን በውጭ አገር ገንዘብ ገዝቶ በመርከብና በከባድ መኪና ያስመጣል፤ የባሕሩ መንገድ ሲታወክ ወይም ዋጋው ሲንር ገበሬው ማዳበሪያውን የሚያገኘው ዝናሙ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ወንዝና ፀሐይ በተሰጠው አገር ያለ ሹምና ባለ እርሻ ሁሉ፣ ሃይድሮጅን ከውሃ እንዴት እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማወቁ የተገባ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ሥርዓት

በ1800 ዓ.ም. ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዞች ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ ቢያሳልፉ ውሃው ወደ ሁለት ዓይነት አየር ሲለይ አዩ። የዛሬው መኪና ሥራም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ከመቶ 25 እስከ 30 እጅ ካስቲክ ፖታሽ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ሁለት የኒኬል ሰሌዳዎች ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም አየር የማያሳልፍ፣ ፈሳሹን ግን የሚያሳልፍ መጋረጃ ይዘረጋል። ኤሌክትሪኩ ሲገባ በአንዱ ሰሌዳ ሃይድሮጅን፣ በሁለተኛው ኦክስጅን ይወጣል። ከ9 ኪሎ ውሃ 1 ኪሎ ሃይድሮጅንና 8 ኪሎ ኦክስጅን ይገኛል።

ሒሳቡም ይህ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ላለው 46 ኪሎ ናይትሮጅን የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን 10 ኪሎ ያህል ነው፤ ለዚህም 90 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የኤሌክትሪኩ ወጪ ግን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥራ የሚከብደው የውሃው ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ዋጋ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ቀድመው የሠሩ አገሮች

ይህ ነገር አዲስ ተስፋ ብቻ አይደለም። በኖርዌይ አገር በሪዩካን አጠገብ በቬሞርክ በ1911 ዓ.ም. ታላቅ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያው ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን እየወጣ ማዳበሪያ ይሠራበት ነበር። በግብፅም በአስዋን፣ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በወረደ ውሃ በሚገኝ ኃይል፣ በ1960 ዓ.ም. እንዲሁ ያለ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በዚምባብዌም በክዌክዌ ከተማ አንድ ፋብሪካ በዚሁ መንገድ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ነገር ግን የቬሞርኩ ሥራ በ1971 ዓ.ም. ቆመ፤ የአስዋኑ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛወረ፤ የክዌክዌውም ኤሌክትሪክ ለአገሩ ሕዝብ ባነሰ ጊዜ በ2015 ዓ.ም. ውሃ መለየቱን ተወ። ፋብሪካዎቹ የተዉት ጥበቡ ስለ ከሸፈ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ስለ ተወደደ ወይም ሌላ ፈላጊ ስለ በዛበት ነው።

ኃይሉ የሚባክንበት ቦታ

ከዚህ የተነሣ ብልሃተኞች ዛሬ የሚደክሙት መኪናውን ትንሽና ቁጡብ ለማድረግ ነው። ውሃን ያለ ብክነት ለመለየት በአንዱ ክፍል 1.48 ቮልት ያህል ይበቃል፤ በዚህ ልክ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 39.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሥራ ላይ ግን 1.8 ወይም 2 ቮልት ይሆናል፤ ትርፉም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አንድ አሥረኛ ቮልት በጨመረ ቍጥር በኪሎው ከ2.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጨምራል።

ብክነቱ የሚመጣው በመጀመሪያ ከሰሌዳዎቹ መራራቅ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በፈሳሹ ውስጥ በረዘመ መጠን ይደክማል። ስለዚህ በአዲሱ አሠራር ሰሌዳዎቹ ቀዳዳ ያላቸው ሆነው ከመጋረጃው ጋራ ይጣበቃሉ፤ አረፋውም በስተኋላ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ብዙ ክፍሎች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ይታሰራሉ፤ የአንዱ ሰሌዳ ጀርባ ለሚቀጥለው ክፍል ፊት ይሆናል፤ በዚህም ሽቦና ቦታ ይቆጠባል። ሦስተኛ፣ ሃይድሮጅኑ ከመኪናው ሲወጣ ተጨምቆ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አሞኒያ የሚሠራው በብርቱ ግፊት ስለ ሆነ የኮምፕረሰሩ ሥራ ይቀላል።

በፖታሽ ፈንታ ስስ የፕላስቲክ ገለፈት የሚጠቀም ሌላ ዓይነት አለ። ይህኛው በጠባብ ቦታ ብዙ ይሠራል፣ ከኃይሉ መውጣትና መውረድ ጋራም ፈጥኖ ይስማማል፤ ሆኖም ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድኖች ያሻዋል። የፖታሹ ዓይነት ሰፋ ያለ ቦታ ቢይዝም በኒኬልና በብረት ይሠራል፤ ለጥገናም ይቀላል።

መጠኑን ለማነስ ምሳሌ የሚሆን፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሞሪስ ያለው የዩኒቨርሲቲ እርሻ በ2013 ዓ.ም. በነፋስ ኃይል በዓመት 25 ቶን ያህል አሞኒያ የሚሠራ ትንሽ ጣቢያ አቁሟል።

ሹሙ ሊጠይቀው የሚገባ

በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህን ኃይል ግን ቤቱም፣ ወፍጮውም፣ ፋብሪካውም ይሻዋል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ይህን መኪና ይዞ ቢመጣ፣ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዳይሆን፣ ከፊርማ በፊት የሚከተለው ይመርመር።

1ኛ፤ መኪናው ረዳቶቹን ሁሉ ጨምሮ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? ከ55 በላይ ከሆነ ምክንያቱ ይነገር።

2ኛ፤ ኤሌክትሪኩ በቀን ስንት ሰዓት ይገኛል? 1 ሜጋዋት ኃይል ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን ለ40 ኩንታል ዩሪያ የሚበቃ አሞኒያ ያወጣል፤ 6 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግን ለ10 ኩንታል ብቻ ነው፤ የመኪናው ዕዳ ግን ያው ነው።

3ኛ፤ ውሃው በምን ይጣራል? ኖራና ጨው ያለበት ውሃ ሰሌዳውንና ገለፈቱን ያበላሻል።

4ኛ፤ አደጋው በምን ይጠበቃል? ሃይድሮጅን ከአየር ጋራ ከመቶ 4 እጅ ጀምሮ ሲቀላቀል በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ቤቱ በጣራው በኩል መተንፈሻ ይኑረው፤ መጋረጃውም በየጊዜው ይመርመር፤ ኃይሉ ሲቀንስ ሁለቱ አየሮች እንዳይደባለቁ መኪናው በራሱ የሚቆም ይሁን።

5ኛ፤ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ለመለወጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ይህስ ከወዴት ይመጣል? ካልተገኘ አሞኒየም ናይትሬት ወይም ሌላ ዓይነት ይታሰብ።

እነዚህ አምስቱ በቂ መልስ ያገኙ እንደ ሆነ መኪናው ለአገሩ ይጠቅማል፤ ካላገኙ ግን ለማዳበሪያ ግዥ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ቆሞ በሚዝግ ብረት ላይ ይቀራል፤ የገበሬውም ማሳ በዚያ ክረምት ያለ ማዳበሪያ ያልፋል።