ውቅያኖሱ ደጃፍ ደርሶ የሚታጠፈው ወንዝ

ዋቢ ሸበሌ ሲባል ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትውስ የሚለው ሆቴሉ ነው፡፡ ወንዙን የምናውቀው ከጂኦግራፊ ደብተራችን ነው፡፡ እኔም ተማሪ ሳለሁ “ዋቢ ሸበሌ የሚገባው የት ነው?” ለሚል የፈተና ጥያቄ “ህንድ ውቅያኖስ” ብዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ፡፡ ከዓመታት በኋላ ካርታ ዘርግቼ ወንዙን በጣቴ ስከተለው ግን ጣቴ ባሕር ሳይነካ ቆመ፡፡

ስሙ ከሶማልኛ የመጣ ሲሆን “የነብር ወንዝ” እንደማለት ነው፡፡ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ተነስቶ በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፡፡ የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ ያለው በዚህ የላይኛው ክፍል ነው፡፡ ከዚያ ጥልቅ ሸለቆ አቋርጦ በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል አድርጎ ሶማሊያ ይገባል፡፡ ከጅግጅጋ በኩል የሚመጣው ፋፈን ገባሩ ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል፡፡

በሶማሊያ በለድወይንንና ጆሃርን አልፎ ወደ ሞቃዲሾ ይቀርባል፡፡ ከውቅያኖሱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል፡፡ ምክንያቱ በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋው የአሸዋ ክምር ነው፡፡ ወንዙ ይህን ግድብ የሚጥስበት ጉልበት የለውም፡፡ ደጋውን ከለቀቀ ወዲህ ፀሐይ ያተነዋል፣ መሬት ይመጠዋል፣ የመስኖ ቦይ ይቀንሰዋል፡፡ ስለዚህ ከባሕሩ ጎን ለጎን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል፡፡ ዝናብ በበረታባቸው ዓመታት ብቻ ከጁባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ውቅያኖሱን ያያል፡፡

ጁባ ደግሞ ባዕድ አይደለም፡፡ ገናሌ፣ ዳዋና የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብ ዶሎ አካባቢ ሲገናኙ የሚፈጠር ወንዝ ነው፡፡ እሱ በኪስማዩ አቅራቢያ በእርግጥም ባሕር ይገባል፡፡

ይህ ሁሉ ከፈተና መልስ ያለፈ ጉዳይ ነው፡፡ “ወንዞቻችን ባሕር እየገቡ ባከኑ” የሚል አነጋገር አለን፡፡ ዋቢ ሸበሌን በተመለከተ ግን አባባሉ አይሠራም፡፡ የሶማሊያ ቆላ ዝናብ አነስተኛ በመሆኑ ከወንዙ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፡፡ ላይ የጠለፍነው ውኃ የሚጎድለው ከባሕር ሳይሆን ከታችኛው ገበሬ ማሳ ነው፡፡ በድርቅ ጊዜ የወንዙ የታችኛው ክፍል ጨርሶ ይደርቃል፡፡

ጎርፉም እንዲሁ ድንበር አያውቅም፡፡ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፡፡ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ወንዙ በለድወይንን አጥለቅልቆ 200 ሺሕ ያህል ሰዎችን አፈናቅሏል፡፡ ያ ጎርፍ ከተማዋ ከመድረሱ በፊት ቀናት በኛው መሬት ላይ ተጉዟል፡፡ ጎዴ ላይ የተለካ የውኃ ከፍታ በወቅቱ ወደ ታች ቢነገር፣ ቤተሰብ ልጆቹንና ከብቶቹን ይዞ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፡፡

ዛሬ ያ ጥያቄ ቢቀርብልኝ “አሸዋው ሥር፣ ከሰው ማሳ መሃል” ብዬ እመልስ ነበር፡፡ ነጥቡን ግን አላገኝም ይሆናል፡፡